ብር አለ

እኔ ኦርሶላ ነኝ፤ ቦታዬ ጉድጓድ ነው፣
ከመድረኩ ግርጌ፣ ተመልካች ከማያየው፤
ቃል የጠፋው ቢኖር በሹክሹክታ ላቀብል
ከሻማ ጥግ ሆኜ ገጽ በገጽ ስከተል።

ከሰው ሁሉ የማውቀው ጫማና ቁርጭምጭሚት፣
የካልሲ ቀዳዳ፣ የጉልበት ማመንታት።
ፊት መቼም ይዋሻል፣ ጭምብልም ያጠልቃል፤
እግር ግን ሲፈራ ጣቱን ይሰበስባል።

ቲቡርዚዮን ልንገራችሁ፤
ሠላሳ ካርኒቫል አሽከር ሆኖ ያረጀው፣
አንዲት ቀልድ አለችው፣
ከነልጅ ከነሚስት የምታሳድረው።

ጌታው ስስታም ነው። ግሪጎሎ ይሆነዋል፣
የቡድናችን ሹም፤ ሚናው በልኩ ተሰፍቷል፣
ካባውን ሲያወልቅ ስስቱ ላዩ ላይ ይቀራል።
ከመንገድ ይመጣል፣ በሩን ይቀረቅራል፣
ወንበር ሳይዝ፣ ባርኔጣ ሳይሰቅል ይጠይቃል፦

«አንተ! በሄድኩበት ሰው አልመጣም? ከሣጥኔ ብር አለ?»
«ብር አለ፣ ጌታዬ!»
ይላል አሽከር ጎንበስ ብሎ፣ በእናቱ እየማለ።

ጌታው ጺሙን ያሻል፣ «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል፤
ሕዝቡ ግን ያያል፣
ከጌታው ጀርባ ላይ ሁለት መዳፍ ሲበር፣
እንደ ርግብ ክንፍ ወደ ጣሪያ ሲሰወር።
ቃሏ ባለ ሁለት በር ናት፦
በፊት ለፊት ጌታው ሲገባባት
በጓሮ ብሩ ሾልኮ ወጣባት።

ጉዳዩ ትንፋሽ ነው፤ በ«ብር»ና በ«አለ» መሐል
ፀጉር የምታህል ክፍት ቦታ።
ናርዲሶ፣ ልጅ እግሩ፣ ተክቶት አንድ ማታ፣
«ብርርርር» ብሎ ጎተታት፣ ዓይኑንም ጠቀሰላት፣
ሰው አዛጋባት።
ቲቡርዚዮ ጠጋ ብሎ፦
«ወፍ ልታበር ብለህ ላባ ትነጫለህ?» አለው።

የካርኒቫሉ ማብቂያ፣ ማክሰኞ፣ ቪቼንሳ ላይ፤
ውጭው ጉም፣ ውስጡ ሰው፣ የሰም ጠብታ አናቴ ላይ።
በሁለተኛው ክፍል ጌታው ጠየቀ፦ «ብር አለ?»
ዝም።
በእንጨቱ ስንጥቅ «ብር አለ» አልኩት። ዝም አለ።
ደገምኩለት።
ጫማው ውስጥ ጣቱን ሲሰበስብ አየሁት።

ከዚያ፣ ያለ ርግብ፣ ሁለት እጁ ወርዶ፣
ኑዛዜ እንደሚያነብ ሰው ድምፁ በርዶ፣
«ብር… አለ» አለ።

አዳራሹ ለቅጽበት ምራቁን ዋጠ፤
ከዚያ ሳቁ ከሰገነት እንደ ናዳ አመለጠ።

የግሪጎሎ ግራ ተረከዝ ወደ መጋረጃው ዞረ፤
«ሁሉም?» ሲል ሰማሁት። (ይህ በጽሑፉ አልነበረ።)
«ሁሉም፣ ጌታዬ። በቅሎዋም ጭምር።»
የወንበር እግር ሲንጫጫ፣ ወለሉ ሲሸበር፣
እኔ ገጽ እገልጣለሁ በቅሎ ፍለጋ፣
ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤
አንድም በቅሎ የለም።

ለካ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጫማው ተቀዶ ኖሮ፣
ለብድር ሄዶ ነበር ወደ ገንዘብ ያዡ ጓዳ ዞሮ፤
በሩ ወለል ብሎ፣ ሣጥኑ ወለል ብሎ፣
ፌሪጎ የለም፣ የስድስት ሳምንት ላባችንን ጠቅልሎ፣
በግሪጎሎ በቅሎ።

ግሪጎሎ ተንበርክኮ አለቀሰ።
ጽሑፉም እዚህ ላይ «ያለቅሳል» ይላል፤
ከቃሉ ፈቀቅ አላለም።
ከፊት የተቀመጠች ሴት፣ ማራገቢያዋን አጥፋ፣
«እንዲህ አልቅሶ አያውቅም» አለች።

የሻማ ቁራጭ ሸጠን ነው የዚያን ማታ የበላነው፤
ሁለት ሽንኩርት፣ የከረመ ዳቦ፣ ለዘጠኝ የተካፈልነው።
ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየ፤
ናርዲሶ ብቻ፣ ዳቦው እጁ ላይ እንዳለ፣
«ብር…» ብሎ ጀመረና ተወው።
ልኳን ያገኘው ያኔ ነው።

እኔም በከሰል፣ ከገጹ ኅዳግ ላይ ጻፍኩ፦
«በቅሎዋም ጭምር።»
ከዚያ ወዲህ በየከተማው ያስቃል።
እዚያች መስመር ስደርስ ግን ጽሑፉን ትቼ ጫማ አያለሁ፤
ጫማው አዲስ ነው አሁን፣ ዘለበቱ ያበራል፤
ውስጡ ያለው እግር
ዛሬም ጣቱን ይሰበስባል።